ለጀማሪ ሞተረኛ ከሄልሜት ቀጥሎ ምን ይቅደም?

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ የጻፈው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ሥራ አግኝቷል፤ መንጃ ፈቃዱን አውጥቷል፤ 150 ሲሲ ሞተር ሊረከብ ነው። ድርጅቱ የሚሰጠው ሳጥኑንና አንጸባራቂ ሰደርያውን ብቻ ነው። ሌላውን ከኪሱ ያሟላል። በእጁ ያለችው ብር አንድ ደህና ሄልሜት ትገዛለች፣ ወይም ደግሞ ርካሽ ሄልሜት፣ ጓንትና ጃኬት አንድ ላይ። የቱ ይሻለኛል ነው ጥያቄው። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ነገር ጣል አድርጓል፤ ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተከታተለውን የመልስ ሰንሰለት፣ ያሞቀችው እሷ ናት። መንገድ ላይ የሚያያቸው ሞተረኞች ሄልሜት ብቻ አድርገው ነው የሚሄዱት፤ ታዲያ ጃኬቱና ጓንቱ ለፎቶ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል ብሏል።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። እንኳን ደስ አለህ ካለ በኋላ ቅደም ተከተሉን አስቀመጠለት፦ ደህና ሄልሜት፣ ከዚያ ጓንት፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ከዚያ ጃኬት፣ መጨረሻ ሱሪ። ብሩ ባለቀበት ቁም፣ ደሞዝ ሲመጣ ቀጥል ነው ነገሩ። ለምን እንደዚያ እንደደረደረው ግን አልነገረንም። 2ኛው ከባሕር ዳር ገባና ጫማን ከጓንት አስቀደመ። ሞተር የሚወድቀው ወደ ጎን ነው፤ ከሥሩ የሚቀረው እግር ነው ይላል። እሱ ባለበት በሸበጥ የሚነዳ ብዙ ነው፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ያልጠበሰው ባት ማግኘትም ይከብዳል። የሚታሰር ጫማ የሚያደርግ ሰው የጫማውን ማሰሪያ ወደ ውስጥ ይክተት፣ የማርሽ መርገጫው ላይ ከተጠመጠመ ሲቆም እግሩን ማውረድ ያቅተዋል ሲልም ጨመረ። 3ኛው ደግሞ የ1ኛውን ደገፈ። የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ነው የሚዘረጋው፤ መዳፉ የተላጠ ሰው ፍሪሲዮን መያዙ ይቅርና እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል ብሏል። እጁ አንጓ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚታሰር ጓንት እንዲገዛ መከረው፤ የማይታሰር ጓንት አስፋልቱን ሲነካ ከእጅ ወልቆ ይሄዳል።

እኔ ወደ 3ኛው አደላለሁ። ቡትስ ብዙ ሰው ቤት አለ፤ ጓንት ያለው ግን ጥቂት ነው።

ከ4 እስከ 7 ያለው ስለ ስቲከር ነው። የጀመረው መርካቶን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሄልሜት ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አትመን፣ ስቲከር ማንም ማተሚያ ቤት ያትመዋል አለ። 5ኛው ጀርመን የሚኖር ሲሆን ትምህርት የመሰለ ረጅም መልስ ጻፈ። ጠቃሚ ስለሆነ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። የሚታየው ስቲከሩ ሳይሆን የአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ናት። እዚያ ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሄልሜቱ የጸደቀበትን አገር ነው የሚያመለክተው፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን። የተሠራበት አገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። 06 ከሆነ 22.06 የሚባለውን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለውን የአውሮፓ ደንብ አልፏል ማለት ነው። ይሄኛው ሄልሜቱን በቀጥታ ብቻ ሳይሆን በሰያፍም ይፈትነዋል፤ ጭንቅላት ሲመታ ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚሽከረከር። ቁጥሩን ተከትሎ ፒ የሚል ፊደል ካለ አገጩም ተፈትኗል። ጄ ከሆነ ፊቱ ክፍት የሆነው ዓይነት ነው።

ይሄ ሰው በመሃል የአሜሪካው ዲኦቲ ምልክት ዋጋ የለውም ብሎ ነበር። 6ኛው ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በትሕትና አረመው። እውነት ነው፣ እዚያ አምራቹ ራሱ ነው ደረጃውን አሟልቻለሁ ብሎ የሚለጥፈው። ግን መንግሥት በኋላ ከሱቅ እየገዛ ያስፈትናል፤ የወደቀውን ከገበያ ማስነሣት ይችላል። ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ትክክለኛ ምልክት ሦስት ፊደል ብቻ አይደለም፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ የደንቡ ቁጥር 218 እና የተረጋገጠ መሆኑን የሚገልጽ ቃል አብረው አሉ። ሦስቱን ፊደል ብቻ ያየ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

7ኛው ተናደደ። ውጭ ያላችሁ ሰዎች የፍራንክፈርትና የዋሽንግተን ሱቅ ነው የምታወሩት አለ። እኛ ጋ ያለው ከሞተሩ ጋር የመጣው የሕንድ ሄልሜት ነው፤ እሱን እንዴት እንምረጥ? የራሱን ጥያቄ ራሱ መለሰ። የሕንዱ ደረጃ ምልክት አይኤስአይ ነው፤ ከላዩ 4151 የሚል ቁጥር ይገኛል። ሕንድ ውስጥ ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለዚህ ምልክት ሄልሜት መሸጥ ሕገ ወጥ ነው። ቁጣው ባይኖር የክሩ ምርጥ መልስ እሱ ይሆን ነበር፤ ለጠያቂው ኪስ የሚቀርበውን የነገረው እሱ ብቻ ነውና።

ምርጡን መልስ የወሰደችው ግን 8ኛዋ ናት፤ ሐዋሳ ውስጥ በሞተር ሥራ የምትሄድ ሴት። ስለ ምልክት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ያወራችው ስለ ልክ ነው። ሜትር ውሰድ፣ ከቅንድብህ ጣት ከፍ አድርገህ ጭንቅላትህን ዙሪያውን ለካ፤ ኤም የሚባለው መጠን ግን በየፋብሪካው አንድ ስላልሆነ ሳትሞክር አትግዛ አለችው። ልክህ የሆነ ሄልሜት ጉንጭህን ይጫናል፤ ማስቲካ ብታኝክ የጉንጭህን ውስጥ ትነክሳለህ። ሻጩ ትልቁን ውሰድ፣ ይመችሃል ይልሃል። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስለሚረግብ ሱቅ ውስጥ የላላው ኋላ ይዋልላል። በሌላ በኩል ሃያ ደቂቃ አድርገኸው ግንባርህ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ካመመህ፣ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ቅርጹ የአንተ አይደለም። ከዚያ ማሰሪያውን እሰር፣ አጎንብስ፣ ጓደኛህ ከኋላ ሥሩን ይዞ ወደ ፊት ይግፋው። ከወለቀ ሰፍቶሃል።

በዚህ አላበቃችም። ትልልቅ ሹሩባ ስትሠራ ሄልሜቷ አናቷ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር አስተውላለች፤ ስለዚህ አሁን ቀጭንና የተኛ ሹሩባ ነው የምትሠራው፤ ሄልሜት ልትገዛ ስትሄድም በዚያው ጸጉር ሄደች። ወንዶቹን ደግሞ አንድ ነገር ወቅሳለች። ሰፊ ሄልሜት የምትገዙት ስልካችሁን ጉንጫችሁ ሥር ወትፋችሁ ለማውራት ነው አለች። ይሄን ያነበበ ሁሉ ሳይስቅ አልቀረም፤ የካደ ግን አላየሁም።

9ኛው ነገር ፈላጊ ነው። ሄልሜት የሚፈተነው በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ነው፤ እኛ በ60 እና በ80 ስንነዳ ምን ይፈይዳል ብሎ ጠየቀ። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም፤ በቀድሞው የአውሮፓ ደንብ ሄልሜቱ በሰከንድ 7.5 ሜትር እየሄደ ነው የመፈተኛውን ብረት የሚመታው። 10ኛው ግን ቀስ ብሎ አስረዳው። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይርቃል። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ነገር መሬቱን የሚመታው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የሞተሩ 60 ወደ ፊት የሚሄድ ፍጥነት ነው፤ አስፋልቱ ላይ ተንሸራተህ የምትጨርሰው እሱን ነው። ጭንቅላትን የሚሰብረው መውደቁ ነው፣ ቆዳን የሚልጠው መንሸራተቱ። ስለዚህ ሄልሜቱ ለመጀመሪያው፣ ጃኬትና ጓንቱ ለሁለተኛው። ግንብ ወይም የሲኖትራክ ጎን ለመታ ሰው ይሄ ስሌት እንደማይሠራም አልደበቀም። የጠያቂው የፎቶ ነገር እዚህ ላይ በቂ መልስ አገኘ ባይ ነኝ።

እዚያው ላይ 11ኛው ሁለት ቁጥር አስገባ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጀርመኗ ሃኖቨር ደግሞ አደጋ የደረሰባቸው ሄልሜቶች ሲመረመሩ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ምት ያረፈው አገጭ አካባቢ ነው። ፊቱ ክፍት የሆነው ሄልሜት ለዚያ ቦታ ምንም የለውም። ከዚህ በኋላ ክፍቱን ልግዛ የሚል ሰው ክሩ ውስጥ አልመጣም፤ ከአንድ የቴል አቪቭ ስኩተረኛ በቀር። እሱም በሙቀት አሳበበ። እዚያ በነሐሴ ሙሉውን አድርገህ ቀይ መብራት ላይ ቁምና እናውራ ነው ያለው። ለጃኬት ግን መረብ ጨርቅ ያለውን፣ ትከሻና ክርኑ ላይ ፓድ የገባበትን አሞገሰ፤ ነፋስ ስለሚያሳልፍ ሰው አያወልቀውም።

12ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። አመሰገነና ሌላ ጉድ አመጣ፦ ያገለገለ ጥሩ ሄልሜት በግማሽ ዋጋ ምናለሽ ተራ አይቷል። ክሩ ለሁለት ተከፈለ። 13ኛው ውሰድ አለ፣ ከአዲስ ፌክ ያገለገለ ኦርጅናል ይሻላል ብሎ። 14ኛው ፈጽሞ አታድርገው አለ። ሄልሜት የሚሠራው በላስቲክ ቅርፊቱ ሳይሆን በውስጡ ባለው ነጭ ፎም ነው፤ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ ዙሪያውን የሚደግፈው ዓይነት። ፎሙ ምቱን የሚቀበለው ራሱ በመጨፍለቅ ነው። አንዴ የተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከውጭ ደግሞ አይታይም። የማን ራስ ላይ ሆኖ ምን እንደመታ ሻጩ አይነግርህም። 15ኛው የራሱ ሄልሜት አሥር ዓመት አልፎት እስካሁን እንደሚሠራ ጻፈ። 16ኛው መሥራቱን በምን አወቅህ፣ ወድቀህ ሞክረኸዋል ወይ ብሎ አፉን አስያዘው። ትንሽ ሻካራ ነበር፤ ነጥቡ ግን ልክ ነው። 17ኛዋ አበረደችው፦ ሰልባጅ ለጃኬትና ለቡትስ ይሁን፣ ለሄልሜት አይሁን። ስምምነቱ በዚያ ጸደቀ። በመሃል አንዱ ስለ አያያዝ ጣል ያደረጋትን እዚህ ልመርቃችሁ፤ ሄልሜትን በቤንዚን አትጠቡ፣ ቅርፊቱን ይበላዋል። ውኃና ሳሙና በቂ ነው። ስፖኪዮ ላይም አትስቀሉት፣ ጫፉ ፎሙን እየወጋ ያሰረጉደዋል።

18ኛው መልስ የእኔ ነው። ስለ ቆዳ ጃኬት ነበር የጻፍሁት። ከተማችን ውስጥ ቆዳ ሰፊ ሞልቷል፤ ጃኬት አሰፋለሁ የሚል ጀማሪም አይጠፋም። የአገራችን የበግ ቆዳ ለስላሳነቱ ዓለም የመሰከረለት ነው፤ ለቄንጠኛ ጓንት ይፈለጋል። ለአስፋልት ግን ስስ ነው። ለሞተር የሚሆነው የከብት ቆዳ፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስፌቱም ድርብ ይሁን፤ ቆዳው ሳይቀደድ ስፌቱ ከተተረተረ ምን ዋጋ አለው። ክርኑና ትከሻው ላይ ከውስጥ ኪስ አስወጥተህ ፓድ ክተትበት፤ 1621 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር የታተመበት ፓድ ለብቻው ይሸጣል። ደረጃ 2 የሚል ያለበት ደረጃ 1 ካለበት የበለጠ ምት ያስቀራል። 19ኛው ይሄን አንብቦ ቆዳ በክረምት ውኃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል አለ። አልተከራከርሁትም።

20ኛው ሰው ግን ነገሩን ወዳልጠበቅነው ወሰደው። ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት አያድንም፣ ካልደረሰም ባዶ ራሱን ምንም አይነካውም፤ እምነት የጎደላችሁ ናችሁ አለ። 21ኛው ታዲያ ፍሬኑንም ፍታውና ንዳ ብሎ መለሰለት። ከዚያ ስድብ ተከተለ፤ እሱን አልደግመውም። ያስታረቁት አንድ አዛውንት ናቸው፣ 24ኛው መልስ። ጎጃም ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሆነው በያማሃ ገጠር ለገጠር የዞሩ ሰው ናቸው። ሄልሜቱን የሰጣቸው መሥሪያ ቤቱ ነበር፤ ያኔ ገበሬው ድስት ደፍተው መጡ እያለ ይስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ውሻ ዘሎ ገባባቸው፣ ጠጠር መንገድ ላይ በአገጫቸው ተንሸራተቱ። የሄልሜቱ አገጭ ላይ ጣት የሚያስገባ ጭረት አለ፣ ሁለት ጠጠር እስካሁን እንደተሰካ ነው። ሄልሜቱን ያሰሩኝ እግዚአብሔርና አለቃዬ ናቸው፣ ለሁለቱም አመሰግናለሁ ብለው ጨረሱ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይሳደባል? 20ኛው እንኳ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ወጣ።

25ኛው የታሪክ ሰው ነው። የዓረቢያው ሎውረንስ የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1935 እ.ኤ.አ. በሞተር ወድቆ፣ ራሱን እንደሳተ ቀናት ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ነበር። ያንን ሞት ልቡ ውስጥ ይዞ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመረ፤ በ1941 ጥናቱን አወጣ፤ የእንግሊዝ ጦርም መልእክት አድራሽ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። 26ኛው ልጁ ስለ ጓንት ጠየቀ፣ አንተ ስለ እንግሊዝ ጦር ታወራለህ ብሎ አኮረፈ። እኔ ግን ወደድሁት። እነዚያም መልእክት አድራሾች ነበሩ እኮ።

ከ27 በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። ከኋላ የሚጫኑ ሴቶች ነጠላቸው ካቴናው ወይም የኋላ ጎማው ውስጥ እንደሚገባ አንዱ ከጎንደር ጻፈ፤ ነጠላውን ወገብ ላይ ማሰር፣ ጫፉን ደግሞ መቀመጫ ሥር ማድረግ ነው መላው። ተገቢ ምክር ነው፤ ጠያቂያችን ግን የሚጭነው ካርቶን ነው። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሞተር ላይ ስለጣለችው ገደብ ተነሣ፤ ፈቃድ ከሌለህ አትነዳም የተባለበት ጊዜ። ገሚሱ ዘረፋው ቀነሰ፣ ገሚሱ ስንቱ እንጀራውን አጣ ተባባለ። አራት መልስ በዚህ ሄደ። 32ኛው ሄልሜት ነጋዴ ነው፤ ስልክ ቁጥሩን ለጥፎ ሁሉም ኦርጅናል ነው አለ። 33ኛው ማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ጨርቅ ፎቶ አንሥተህ ላክ አለው። ነጋዴው ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለ።

34ኛው ላይ ጠያቂው ውሳኔውን አሳወቀ። አገጭ ያለው አዲስ ሄልሜት ገዛ፤ አይኤስአይ ያለበት፣ ሐዋሳ ያለችው እኅታችን እንዳለችው ማስቲካ አኝኮ የመረጠው። በቀረችው ብር አንጓው ላይ የሚታሰር ጓንት ጨመረ። ቡትስ የወንድሙ አለ። ጃኬቱ ለመጪው ደሞዝ ይቆያል። ቀጥሎ ክረምቱን እንዴት ልውጣ ብሎ ጠየቀ፤ እዚህ ላይ በሥራው ላይ ያሉት ልጆች ተንጋጉ። ካልሲ ላይ ፌስታል አጥልቆ ቡትስ ማድረግ። የዝናብ ካፖርት ሳይሆን ሱሪውና ጃኬቱ ተለያይቶ የመጣውን የላስቲክ ልብስ መግዛት፤ ካፖርቱ በነፋስ ይነፋና መሪ ያስታል። ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜት ሲመሽ አደጋ ነው፣ ነጩን መስታወት ይዞ መዞር ወይም ከነጭራሹ ነጩን መጠቀም። ጉም ሲይዘው መስታወቱን ጣት ያህል ከፈት ማድረግ።

ስለ ሱሪ ግን ማንም አልተናገረም፤ 1ኛው መጨረሻ ላይ ጠቅሶት እንደቀረ ነው። ስለዚህ 41ኛውን መልስ ጻፍሁለት። ተራ ጂንስ አስፋልት ላይ ገና ስትንሸራተት ይቦደሳል፣ እሱን እንደ መከላከያ አትቁጠረው። የሞተር ሱሪ እስክትገዛ ድረስ ሱሪህ ሥር የምትታሰር የጉልበት መከላከያ ግዛ። ስትሞክራት ግን ሱቁ ውስጥ ቆመህ አይሁን፤ ሞተር ላይ እንደተቀመጥህ ጉልበትህን አጥፈህ እያት። ሲታጠፍ ወደ ጭንህ የምትሸሽ ከሆነ ሌላ ቁጥር ጠይቅ፤ ከጉልበትህ ጀርባ ያለው ማሰሪያም ደም ሥርህን የሚያንቅ አይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ነው የምትቀመጥበት።